የቆሸሸ ሽርጥ፣ ሁለት ፒያኖ እና የአሥር ዓመት ስደት

በ1943 ሆሊዉድ ውስጥ የአንድ ፊልም ቀረጻ ለሦስት ቀን ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቀረጻውን ያስቆመው የገንዘብ እጥረት ወይም የአየር ጠባይ አልነበረም። ሽርጥ ነበር።

ፊልሙ «ዘ ሂትስ ኦን» ይባላል። የሠራው ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሲሆን ዋናዋ ተዋናይ ሜይ ዌስት ነበረች። በአንደኛው ትዕይንት ጥቁር ሴቶች ወደ ጦር ግንባር የሚዘምቱ ወንዶቻቸውን በጭፈራ ይሸኛሉ። ለተወዛዋዦቹ የተዘጋጀው ልብስ ሽርጥ ነበረበት፤ ያውም ሆን ተብሎ እንዲቆሽሽ የተደረገ ሽርጥ። በትዕይንቱ ፒያኖ የምትጫወተው የ23 ዓመቷ ሄዝል ስኮት ይህን ስታይ ተቃወመች። ባሏን ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ የምትሸኝ ሴት፣ ያላትን ጥሩ ልብስ አውጥታ ትለብሳለች እንጂ የወጥ ቤት ሽርጧን እንደታጠቀች ትወጣለች ወይ? የሚሰማት ስታጣ ሥራዋን አቆመች። ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣችም። ስቱዲዮው ደግሞ ሠራተኛው ተሰብስቦ በተቀመጠበት በየሰዓቱ ገንዘብ ይፈስበታል።

በመጨረሻ ሽርጡ ቀረ፤ ሴቶቹ ሌላ ልብስ ለበሱ። የኮሎምቢያው አለቃ ሃሪ ኮን ግን እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ይህች ሴት ሌላ ፊልም እንደማትሠራ ዛተ። ኮን በሆሊዉድ እንዲህ ብሎ መዛት ብቻ ሳይሆን የዛተውን መፈጸምም የሚችል ሰው ነበር። በ1944 እና በ1945 ለሕዝብ ከቀረቡት ሁለት ፊልሞች በኋላ ሄዝል ስኮት በሆሊዉድ አልታየችም።

ለመሆኑ ይህን ያህል ለመድፈር ምን ተማምና ነው?

ሄዝል በ1920 በካሪቢያኗ ትሪኒዳድ፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ተወለደች። አራት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቧ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። እናቷ አልማ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ በኋላ ሳክስፎን ተምራ ከሴቶች ባንድ ጋር ሠርታለች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ላይ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነች። የመግቢያ ዕድሜው ግን 16 ነበር። የራክማኒኖፍን ታዋቂ ፕሪሉድ ስትጫወት ትንንሽ ጣቶቿ ኦክታቩን መድረስ ስላልቻሉ በራሷ ጊዜ በሚደርሱላት ኖታዎች ተካችው። የተከበረን ድርሰት ማን እንዲህ ደፈረ ብለው የተቆጡ መምህር መጥተው ሲያዩ ልጅ ናት። ኦስካር ዋግነር የተባሉት ፕሮፌሰር ለብቻዋ ሊያስተምሯት ወሰኑ።

ለዕድሜዋ የተበጀውን ልክ ሳትጠብቅ ሙዚቃውን ለራሷ እጅ የማስተካከሉ ነገር በኋላ ሥራዋ ሆነ። የባህንና የሊስትን ድርሰቶች እንደተጻፉ ትጀምርና መሐል ላይ ወደ ጃዝ ትገለብጣቸዋለች። በምሽት ክበብ የተቀመጠ ሰው፣ መጠጡን እንደያዘ፣ ክላሲካል ሙዚቃ ሲደንስ አየ። እየዘፈነችም ትጫወት ነበር፤ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ከጣቶቿ በተቃራኒ የማይቸኩል ነው።

ክበቡም ተራ ክበብ አልነበረም። ካፌ ሶሳይቲ ይባላል። ባርኒ ጆሴፍሰን የተባለ የጫማ ነጋዴ በ1938 መጨረሻ በግሪንዊች ቪሌጅ የከፈተው ሲሆን፣ ጥቁርና ነጭ መድረኩ ላይ ብቻ ሳይሆን ታዳሚው ወንበር ላይም ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነበር። በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ጥቁሮች የሚጫወቱባቸው፣ ጥቁር እንግዳ ግን የማይገባባቸው ክበቦች ነበሩ፤ ሃርለም እምብርት ላይ ሳይቀር። ሄዝል ወደ ካፌ ሶሳይቲ የገባችው ቢሊ ሆሊዴይ ስትወጣ በእሷ ቦታ ነው። ጆሴፍሰን በ1940 ሁለተኛውን፣ ሰፊውንና የሀብታም ሰፈሩን ክበብ ሲከፍት የዚያ ኮከብ እሷ ሆነች። በ1945 የዓመት ገቢዋ 75 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። የዘመኑን ብር በዛሬው አትመዝኑት፤ የናጠጠ ሀብት ነው።

እንግዲህ ሆሊዉድ የጠራት ይህችን ሴት ነው። ለጥቁር ሴት የነበረው የፊልም ድርሻ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ገረድ። ጥሩ ድምፅ ካላት፣ የምትዘፍን ገረድ። ሄዝል እነዚህን አልቀበልም አለች። በውሏ ላይ የሚሰፍረው አንድ ነገር ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ራሷን ሆና፣ በራሷ ስም፣ አምራ፣ ፒያኖዋ ላይ ተቀምጣ ነው። «ዘ ሂትስ ኦን» ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ፒያኖ ግራና ቀኝ አድርጋ በአንድ ጊዜ የተጫወተችው እንዲህ ባለው ትዕይንት ነው። በ2019 አሊሺያ ኪይስ በግራሚ መድረክ ሁለት ፒያኖ መሐል ተቀምጣ ስሟን ስትጠራ ብዙ ሰው «ሄዝል ስኮት ማን ናት?» ብሎ ፈልጓል።

ታዲያ ብዙዎቹ ታሪኳን የሚጽፉ ሰዎች ይህንን «ተዋናይ አልነበረችም፣ ሙዚቀኛ ነበረች» ብለው ያልፉታል። ልክ አይመስልም። የሁለት ደቂቃ ትዕይንቶቿን ያየ ሰው ካሜራ እንዴት እንደምታውቅ ይገባዋል፤ ዓይኗን የምትጥልበትን፣ ፈገግታዋን የምታዘገይበትን ጊዜ። ትወና ሳይሆን የጎደላት፣ ሊተወን የሚገባው ሰው በወረቀቱ ላይ አልነበረም። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ መልበስ ማለት ያኔ ለእሷ ያንኑ ሽርጥ መታጠቅ ማለት ነበር።

በ1945 ክረምት አገባች። ባሏ አዳም ክሌይተን ፓወል ጁኒየር ነው፤ ሃርለምን ወክሎ ኮንግረስ የገባ ፖለቲከኛና የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር። ይህ ስም ለእኛ አንባቢ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1808 የተመሠረተው፣ በኒው ዮርክ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጥቁር ተለይቶ በተመደበ ወንበር አንቀመጥም ብለው በወጡ ምእመናን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩበት፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የሃርለም ሰው ለኢትዮጵያ ከተሰበሰበባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አዳራሽ ነበር። በ1954 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያ ተገኝተው ለፓወል የኢትዮጵያ መስቀል ሰጥተዋል፤ መስቀሉም የቤተ ክርስቲያኑ መለያ ምልክት ሆነ። የዚያን ጊዜ የፓስተሩ ባለቤት ሄዝል ስኮት ነበረች።

ለፓስተር ሚስት ግን የምሽት ክበብ አይሆንም ተባለ። ሄዝል ካሳደጋት የክበብ መድረክ ወርዳ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ዞረች። በገንዘብ አልተጎዳችም። በመላው አሜሪካ እየተዟዟረች ትጫወት ነበር፤ ውሏም ላይ ታዳሚው በዘር ተለይቶ ከተቀመጠ አልጫወትም የሚል አንቀጽ አስገባች። በ1948 ኦስቲን ቴክሳስ ደርሳ አዳራሹ ጥቁርና ነጭ ተብሎ መከፈሉን ስታይ ሳትጫወት ተመለሰች። እኔን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ ሰው እኔን ከሚመስል ሰው አጠገብ መቀመጥን ለምን ይጠላል፣ የሚል ነበር ጥያቄዋ። በ1949 በዋሽንግተን ግዛት ፓስኮ በምትባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ጥቁር አናስተናግድም ሲላት ከሰሰች፤ አሸንፋ ዳኞቹ የፈረዱላት 250 ዶላር ብቻ ቢሆንም፣ ያንኑ ለጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር ሰጠችው።

በ1945ም ዋሽንግተን የሚገኘው ኮንስቲትዩሽን ሆል በቀለሟ ምክንያት አዳራሹን ከልክሏት ነበር። ባሏ ለፕሬዚዳንት ትሩማን አቤት አለ። ትሩማን ድርጊቱን ቢነቅፉም የግል ድርጅት ነውና ጣልቃ አልገባም አሉ። ባለቤታቸው ቤስ ደግሞ የአዳራሹ ባለቤት የሆነው የሴቶች ማኅበር የጋበዛቸውን የሻይ ግብዣ አልቀሩበትም። ፓወል በአደባባይ የቀዳማዊቷን እመቤት ማዕረግ ገልብጦ «የመጨረሻዋ እመቤት» ሲል ትሩማን ከዚያ በኋላ ኋይት ሀውስ እንዳይደርስ አደረጉ።

አሁን ወደ 1950 እንምጣ፤ የታሪኩ መጠምዘዣ እዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ 3 ቀን ዱሞንት የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ሄዝል ስኮት ሾው»ን በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ15 ደቂቃ ትዘፍናለች፣ ትጫወታለች። በስሟ የተሰየመ አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ተመልካችም ወደዳት። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ የዚህ ፕሮግራም አንድም ቅጂ አይታወቅም።

ፕሮግራሙ ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ግን «ሬድ ቻናልስ» የምትባል ቡክሌት ታትማ ነበር። ይዘቷ ቀላል ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ላይ ያሉ የ151 ሰዎች ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ደግሞ ተሳትፎባቸዋል የተባሉ ማኅበራትና ስብሰባዎች። ክስ የለም፤ ፍርድ ቤትም የለም። ስም ብቻ። ስም ዝርዝር ምን እንደሚሠራ በእኛ አገር ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ዝርዝሩን ያያል፣ ለጣቢያው ስልክ ይደውላል፣ ጣቢያው «ለጊዜው» ይላል። የሄዝል ስም አለበት። ካፌ ሶሳይቲ የግራ ዘመሞች መናኸሪያ ነበርና እዚያ ያልነበረ ማን ነው! የጆሴፍሰን ወንድም ሊዮን ኮሙኒስት ነበር፤ ለምርመራ ኮሚቴው ቃሌን አልሰጥም ብሎ ታስሯል፤ ክበቦቹም በዚሁ ሳቢያ ተዘግተዋል። ሄዝል ራሷም ለብዙ ዓላማ ፒያኖ መጫወቷን፣ በ1943 ለኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት የተወዳደረውን ጥቁር ኮሙኒስት ቤንጃሚን ዴቪስን መደገፏን አልደበቀችም።

ብዙዎቹ ባለስሞች ጠበቃቸው ዝም በሉ አላቸው፣ ዝም አሉ። ሄዝል ማንም ሳይጠራት፣ ቃሌን ልስጥ ብላ የተወካዮች ምክር ቤቱን የፀረ አሜሪካዊነት መርማሪ ኮሚቴ ጠየቀች። መስከረም 22 ቀን 1950 ቀረበች። ኮሙኒስት እንዳልነበረች፣ እንዳልሆነችም ተናገረች። እዚያ ላይ አላቆመችም። ስም እየዘረዘረ ሰው ከሥራ የሚያስወጣውን አሠራር ራሱን ከሰሰች፤ አገሪቱ ዛሬ አርቲስቶቿን ከመቼውም በላይ ትፈልጋለች፣ የጥቃቅን ሰዎች ስም ማጥፋት ሊሰርዘን አይገባም አለች።

ፕሮግራሟ በሳምንቱ ተሰረዘ። መስከረም 29 የመጨረሻው ሆነ።

የዋህነት ነበር? እንዲህ የሚሉ አሉ። ባሏ የምክር ቤት አባል፣ እሷም ዝነኛ ስለነበረች እውነቱን ብናገር ይሰሙኛል ብላ ገመተች ይላሉ። ይሁን። ነገር ግን የ1943ቷን ሄዝል ላየ ሰው ሌላ መንገድ የነበራት አይመስልም። ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ጥቂት ወራት ትሰነብት ነበር፤ ያቺ ቡክሌት ግን ዝም ያሉትንም አልማረችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ዓመት ቀስ ያለ መጥበብ ነው። ኮንሰርቶች እየቀነሱ ሄዱ፣ ጤናዋም ትዳሯም ተናጋ። በመሐል በ1955 ከቻርልስ ሚንገስና ከማክስ ሮች ጋር የቀዳችው «ሪላክስድ ፒያኖ ሙድስ» ዛሬም ጃዝ የሚያዳምጥ ሰው ከምርጥ ሥራዎቿ የሚቆጥረው አልበም ነው። የመድረኩን ትርዒት፣ የክላሲክ ግልበጣውን ሁሉ ትታ ሦስት ሰው ብቻ ሆነው ይጫወታሉ። በ1957 ልጇን ይዛ ፓሪስ ገባች።

ፓሪስ አሥር ዓመት ያህል ያዘቻት። በ1960 ከፓወል ተፋታች። ቤቷ የስደተኛ ሙዚቀኞች መሰብሰቢያ ሆነ። በ1963 የዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ሲቃረብ ከደራሲው ጄምስ ባልድዊን ጋር ሆና ፓሪስ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ተሰልፋለች። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በ1958 የወጣ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ነው። ዣን ጋባን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ የሚተውንበት «ለ ዴዞርድር ኤ ላ ንዊ» ውስጥ ሄዝል ቫለንቲን የምትባል የምሽት ክበብ ዘፋኝ ሆና ትታያለች። ትንሽ ድርሻ ናት። ግን የሌላ ሰው ስም ያላት ድርሻ ናት። በአሜሪካ ከራሷ ስም ሌላ አልወስድም ያለችው ሴት ፈረንሳይ ውስጥ ወሰደች፤ ሽርጥ ታጠቂ ያላት የለማ።

በ1967 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰች። የተመለሰችበት አገር ትታው የሄደችው አልነበረም። የመምረጥ መብት ሕጉ ከጸደቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀድሞ ባሏ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በገንዘብ አጠቃቀም ተከሶ ከኮንግረስ ወንበሩ ታግዷል። (ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ እገዳው ሕገ ወጥ ነበር ብሏል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) ሙዚቃውም ተለውጧል። ወጣቱ ሞታውንና ሮክ ይሰማል፣ የጃዝ ክበቦች ተራ በተራ እየተዘጉ ናቸው። ካፌ ሶሳይቲ ከጠፋ 20 ዓመት ሊሆነው ነው።

የተመለሰችው ወደ ትላልቆቹ አዳራሾች አልነበረም፤ አንዴ ለፓስተር ሚስት አይሆንም ወደተባለላት የምሽት ክበብ ነው። ትንንሽ ክፍሎች፣ ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ስሟን ከጦርነቱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁ አድማጮች። ይህን እንደ ውድቀት የሚጽፉት አሉ፤ በዶላር ከተቆጠረ እውነት ነው። ያም ሆኖ ከ1945 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደምትጫወት ራሷ የወሰነችበት ጊዜም ይኸው ነው።

ትወናውም በዚሁ ጊዜ መጣ። በ1968 ኤንቢሲ «ጁሊያ» የሚል ተከታታይ ድራማ ጀምሮ ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጥቁር ሴት ናት፤ ሙያዋ ነርስ፣ ባሏ ቬትናም የሞተባት፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ። የምትተውናት ዳያን ካሮል ራሷ ከምሽት ክበብ ዘፋኝነት የመጣች ናት። ድራማውን የጊዜው ጥቁር ወጣቶች በጣም ለስላሳ ነው፣ መንገድ ላይ እየሆነ ያለው አይታይበትም ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ባዶ አልነበረም። ግን ነርስ እንጂ ገረድ አይደለችም። ሄዝል በዚህ ድራማ ተወነች። «ዘ ቦልድ ዋንስ» በሚለው ተከታታይ ድራማም ታየች።

በ1973 ደግሞ «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» መጣ። ይህ የቤት እመቤቶች ቀን ቀን የሚያዩት፣ ፈረንጆቹ የሳሙና ድራማ የሚሉት ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያውን የሚከፍሉት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ። ድራማው በ1968 ሲጀምር ካርላ የምትባል፣ ተመልካች ሁሉ ነጭ ናት ብሎ ያሰባት ተዋናይት አስገብቶ፣ ከወራት በኋላ ጥቁር መሆኗንና እናቷን ክዳ እንደኖረች በመግለጥ አገር አነጋግሮ ነበር። ኤለን ሆሊ የምትተውናት ይህች ካርላ በ1973 ከጥቁሩ ፖሊስ ኤድ ሆል ጋር ተጋባች። የአክስት ልጇ ሆና ሠርጉ ላይ የዘፈነችው ሄዝል ስኮት ናት።

ድርሻዋ አጭር ነው፤ ታላቅ ትወና ነው የሚል የለም። ነገሩን ከ1943ቱ ጎን ሲያስቀምጡት ግን ይታያል። ያኔ ጥቁር ሴቶች ባሎቻቸውን በቆሸሸ ሽርጥ እንዲሸኙ ተጽፎ ነበር፤ አሁን ከጉዲፈቻ እስከ ውርስ የሰው ጉድ ሁሉ በሚተረክበት ተራ የቀን ድራማ ላይ ጥቁር ሙሽራ በነጭ ልብስ ቆማለች፣ ዘመዷም በክብር ትዘፍንላታለች። የካሜራውን ቋንቋ ሄዝል ድሮም ታውቀው ነበር። እስከ 50 ዓመቷ አካባቢ ያቆያት ጽሑፉ ነው። ሃሪ ኮንም በ1958 ሞቷል፤ ዛቻው እስከ ዕድሜው ልክ ብቻ ነበር።

ክበቡን ግን አልተወችም። ትወናው የጎን ሥራ ነበር፣ ፒያኖው እንጀራዋ። በ1981 ክረምት ማንሃተን ውስጥ በአንድ ክበብ ትጫወት ነበር፤ የቆሽት ካንሰር ይዟት ሳለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን በ61 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው ኩዊንስ በሚገኘው ፍላሺንግ መካነ መቃብር ነው፤ ሉዊ አርምስትሮንግም የተቀበረው እዚያው ነው።